የአንድ ጣት ክፍተት

አባቴ መኪና መንዳትን የተማረው ከጣሊያን ጊዜ በተረፈ ጋራዥ ውስጥ ነው። መስታወት መጠበቅን ግን ያስተማረው የለም። ከአሰላ ክረምት ጋር ሲታገል በራሱ ያገኘው ነው።

የማያውቅ ሰው የሹፌር ጠላት ውጭ ያለው ጉም ይመስለዋል። በሐምሌና በነሐሴ ጉሙ ከጭላሎ ወርዶ ከተማው ላይ ይተኛል፤ ጠዋት ከቤቱ የወጣ ሰው ከአጥሩ ማዶ ያለውን የጎረቤት በር አያይም። አባቴ ይህን ጉም አይፈራውም ነበር። መብራት ያበራል፣ ጥሩምባ ይነፋል፣ ቀስ ይላል። የሚፈራው ከመኪናው ውስጥ የሚነሳውን ነበር።

የሚነዳው አውቶቡስ የአንድ የከተማው ነጋዴ ንብረት ነው። ትውልዱ የጭነት መኪና ነበር፤ በላዩ የእንጨት አካል ተሠርቶ፣ አግዳሚ ተደርድሮ አውቶቡስ ተባለ። ጋቢናውን ከኋላው የሚለይ ግድግዳ አልነበረውም። ጠዋት ከአሰላ ናዝሬት ይወርዳል፣ ከሰዓት በኋላ ይመለሳል። በክረምት ሠላሳ ሰው እርጥብ ካፖርትና እርጥብ ጋቢ ለብሶ ይሳፈርበታል። ዶሮ የያዘ አለ፣ ቅቤ የያዘ አለ፣ በደንብ ያልደረቀ ቆዳ የያዘ አለ። የሰዉ ትንፋሽና የልብሱ እርጥበት ቀዝቃዛውን መስታወት ሲያገኘው ውሃ ይሆናል። መስታወቱ መጀመሪያ ያልበዋል፣ ቀጥሎ እንደ ወተት ይነጣል። በኋላ ሁለተኛ ደረጃ ስገባ የሳይንስ መምህራችን ይህንኑ በሰሌዳ ላይ ሥለው አስረዱን። እጄን አውጥቼ መልሱን ቀድሜ ስናገር ከየት እንዳወቅሁት ጠየቁኝ። «ከመጽሐፍ» አልኳቸው።

አባቴ ምክንያቱን አያውቅም፤ መድኃኒቱን ግን ያውቃል። ደረቅ የልብስ ሳሙና፣ ውሃ ሳይነካው፣ መስታወቱ ላይ ከውስጥ በኩል በቀጭኑ ይቀባል። ከዚያ በደረቅ የጥጥ ጨርቅ ሳሙናው ከዓይን እስኪጠፋ ይታሻል። የሚታይ ሳሙና ከቀረበት ጭራሽ ካለመቀባት ይብሳል፤ ፀሐይ ብልጭ ስትል ያሳውራል። ከውጭ በኩል ደግሞ ለሁለት የተከፈለ ድንች ይታሻል፣ የዝናቡ ጠብታ እንዲንሸራተት። በጨርቅ የተቋጠረ ጨው ከመሪው ፊት ባለው እንጨት ላይ ይቀመጣል፤ ጨው እርጥበት ይጠጣል ይላል አባቴ። መስታወቱን በእጅ መዳፍ መጥረግ በእኛ መኪና ክልክል ነበር። የእጅ ወዝ ሳሙናውን ያበላሸዋል። አንዴ ሳሙናው ከተበላሸ እስከ ናዝሬት ድረስ የሚያድንህ የለም።

ይህ ሁሉ ግን የሚሠራው የጋቢናው መስኮቶች፣ በግራም በቀኝም፣ አንድ ጣት ያህል ዝቅ ብለው ከተተዉ ብቻ ነው። አባቴ ጣቱን በክፍተቱ አግብቶ ይለካዋል። ትንፋሹ የሚወጣበት ካላገኘ ሳሙናም ጨውም ከንቱ ነው።

ከተሳፋሪ ጋር የሚያጣላው ይህ አንድ ጣት ነበር። የእኛ ሰው በሜዳ የሚነፍሰውን ነፋስ አይፈራም። ቀኑን ሙሉ ዝናብ ላይ ቆሞ ገበያ ይውላል። በቀዳዳ የሚገባው ነፋስ ግን ይገድላል ብሎ ያምናል፤ ጎን ይወጋል፣ አንገት ያጣምማል፣ አራስ ያሳብዳል። ስለዚህ ገና ከአሰላ ሳንወጣ ይጀመራል።

«ሹፌር፣ መስኮቱን ዝጋው እንጂ። ልትጨርሰን ነው?»

«አንድ ጣት ናት፣ እናቴ።»

«ሞትስ የሚገባው በስንት ጣት ነው?»

«ከተዘጋ መንገዱ አይታየኝም።»

«አንተ ይህን መንገድ በእንቅልፍህም ታውቀዋለህ።»

ከኋላ አንዱ ይቀበላል። «በእንቅልፉ ከሚነዳኝስ ብርዱ ይግደለኝ።» ሰው ይስቃል፣ ነገሩ ይበርዳል፣ ጎንዴ ስንደርስ እንደገና ይነሳል።

መስታወቱን የምቀባው እኔ ነበርኩ። እናቴ የሞተችው የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ አባቴ ቤት ውስጥ ብቻዬን ትቶኝ መሄድ ስለማይወድ ይዞኝ ይሄድ ጀመር። አሥራ አራት ዓመት ሲሞላኝ ሥራው የእኔ ሆኖ ነበር። ገና ጎህ ሲቀድ ሳሙናዬንና ሁለት ጨርቆቼን ይዤ እወጣለሁ። ቀብቼ ስጨርስ አባቴ ይመጣና መስታወቱ ላይ በአፉ ይተነፍስበታል። «ሃህ» ብሎ ትንሽ ይጠብቃል። ትንፋሹ ካልያዘው «ይሄዳል» ይላል። ከያዘው ምንም ሳይል ጨርቁን ይመልስልኛል። አባቴ «ጎበዝ» የሚል ሰው አልነበረም። «ይሄዳል» ሲለኝ ግን ቀኑን ሙሉ ይበቃኝ ነበር። በመንገድ ላይ ከእሱ አጠገብ፣ ጋቢናው መሐል እቀመጣለሁ። ዳር ያለው ወንበር ለተከበረ ሰው ነው።

በነሐሴ አንድ ቀን በዚያ ወንበር የተቀመጡት ክርስትና እናቴ ነበሩ።

ስለ እሳቸው መልካሙን ነገር ማስቀረት ትክክል አይሆንም። እናቴ ከሞተች በኋላ ፀጉሬን የሠሩኝ እሳቸው ናቸው። ደብተር የገዙልኝ፣ መርፌ መያዝ ያስተማሩኝ፣ ለጥምቀት ቀሚስ ያሰፉልኝ እሳቸው ናቸው። ባላቸው በጠቅላይ ግዛቱ መሥሪያ ቤት ሹም ስለነበሩ ቤታቸው ሰው አይጠፋም ነበር፤ እኔ ስገባ ግን ከእንግዳ መሐል ተነስተው «ልጄ መጣች» ይላሉ። አባቴና እሳቸው አበልጅ ነበሩ። በእኛ ዘንድ ልጅ ክርስትና ያነሳ ሰው ከወላጅ ጋር የሚኖረው ዝምድና ከሥጋ ዝምድና አያንስም፤ አበልጅ አበልጁን አይከስስም፣ አይመሰክርበትም።

ፍልሰታ ተፈትቶ ሳምንት አልሞላም። ናዝሬት ያለች ልጃቸው ወልዳ ሊጠይቋት መሄዳቸው ነበር። ቅቤ በቅል፣ የገንፎ ዱቄት በአቁማዳ ይዘዋል። ያን ጠዋት እንደ ወትሮው መስታወቱን ቀባሁ። አባቴ ተነፈሰበት። «ይሄዳል» አለ። ክርስትና እናቴ ሲገቡ ነጠላቸውን ከአንገታቸው እስከ ጉልበታቸው ተጠቅልለው፣ በላዩ ጋቢ ደርበው ነበር። ሲቀመጡ የእሳቸው በኩል ያለው መስኮት ከአባቴ ዓይን ተጋረደ።

«አበልጅ፣ ይህቺን ነገር ብትዘጋልኝ» አሉ ገና ሳንንቀሳቀስ። «ጎኔን ታውቀዋለህ።»

«አንድ ጣት ብቻ ናት፣ እትዬ። እሷን ከዘጋን መንገዱን አላይልዎትም።»

«እንግዲህ ካልክ።»

«ጎንዎን በትራስ ልደግፍልዎት?»

«ትራስ ብርድ አይመልስም። ይሁን፣ ንዳው።»

ከአሰላ ስንወጣ ዝናብ አልነበረም። ጎንዴን ካለፍን በኋላ አባቴ ቁልቁለቱ ላይ ማርሽ ሊቀንስ ጎንበስ ሲል ክርስትና እናቴ መዳፋቸውን ከጋቢው ሥር አውጥተው የመስኮታቸውን መስታወት ወደ ላይ ገፉት። ምንም ድምፅ አላሰማም። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ጉልበቴን ቆንጠጥ አድርገው ፈገግ አሉ፣ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። አብረን ዳቦ ሰርቀን የበላን ይመስል ነበር።

ዝም አልኩ። ለምን ዝም እንዳልኩ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፤ ምክንያቱ ትልቅ አልነበረም። ትንሽ ቆይተው ይከፍቱታል ብዬ ነበር። የአባቴ በኩል ደግሞ ክፍት ነው፤ አንደኛው ካለ ይበቃል ብዬ ነበር። ሠላሳ ሰው ፊት ክርስትና እናቴን ማሳፈር ደግሞ የማይታሰብ ነገር ነው።

ጥቂት እንደሄድን ዝናቡ መጣ። ከግራ በኩል እየገረፈ መጣ። የአባቴ ትከሻ ረጠበ፣ ከዚያ መሪውን የያዘበት እጁ ረጠበ። የቀኙ ክፍት ስለመሰለው የራሱን ዘጋው።

ሁለቱም ተዘጉ ማለት ነው። ያኔ መናገር ነበረብኝ። አፌን ስከፍት የክርስትና እናቴ እጅ አሁንም ጉልበቴ ላይ ነበር።

መስታወቱ ከዳር ዳር ማላብ ጀመረ። አባቴ አንዴ አየው፣ ሁለተኛ አየው። ምን እንደሆነ አልገባውም። «ጥረጊ» አለኝ። በደረቁ ጨርቅ ጠረግሁ፤ ጨርቁ ወዲያው ረጠበ። በሁለተኛው ጠረግሁ። ሳሙናው ከውሃው ጋር ተቀላቅሎ መስታወቱ ላይ ተለቀለቀ። አሁን ፊታችን ያለው ነጭ ነገር በጨርቅ የሚነሳ አልነበረም። «አስተካክለሽ ጥረጊ» አለ አባቴ፣ ድምፁን ሳያነሳ። ፍሬን ያዘ። ኢተያ ሳንደርስ ካለችው ትንሽ የድንጋይ ድልድይ አጠገብ መንገዱ ወደ ግራ ይታጠፋል። እኛ ሳንታጠፍ ቀረን።

በፍጥነት አልነበረም። አውቶቡሱ ከመንገዱ ወርዶ በቀኝ ጎኑ ቦዩ ውስጥ ጋደም አለ። ቀስ ብሎ፣ እንደ ታመመ ላም። የሞተ ሰው የለም። የቀኙ በርና መስኮቱ ከቦዩ ድንጋይ ጋር ተጋጭተው መስታወቱ ተሰባበረ፤ ክርስትና እናቴን ጋቢያቸው አዳናቸው፣ ቅሉ ግን ተሰብሮ ቅቤው ፈሰሰ። ከአባቴ ጀርባ ተቀምጠው የነበሩ አንድ የዴራ ቆዳ ነጋዴ፣ በዕድሜ የገፉ ሙስሊም ሰውዬ፣ ክንዳቸው ተሰበረ። ጭቃው ላይ ተቀምጠው የተሰበረ ክንዳቸውን በደህናው እጃቸው ይዘው «ዛሬስ በደንብ ተከፈተ መስኮቱ» አሉ። ሲስቁ ሕመሙ አቋረጣቸው።

መስታወቱ ስለተሰባበረ መስኮቱ ተዘግቶ ይሁን ተከፍቶ የሚያሳይ ነገር አልቀረም።

የአውቶቡሱ ባለቤት አባቴን ሲቀጥረው አንድ ነገር ብሎት ነበር፤ አባቴ ደጋግሞ ይነግረኛል። «መኪናዬ በአንተ ጥፋት ከመንገድ የወጣች ቀን ቁልፉን ታስረክበኛለህ።» በዚያን ጊዜ ከእጁ የወጣ ቁልፍ ተመልሶ አይገኝም፤ በአሰላ አውቶቡስ ያላቸው ሰዎች በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፣ እርስ በርስም ይነጋገራሉ። አባቴ ሌላ ሙያ አልነበረውም። መሬትም አልነበረንም።

ከአደጋው ቦታ በጭነት መኪና ተሳፍረን አሰላ ከወረድን በኋላ ወደ ቤት ስንሄድ አባቴ ጠየቀኝ።

«የቀኙ ክፍት አልነበረም?»

«እትዬ ዘግተውት ነበር።»

ቆመ። «በዓይንሽ አይተሻል?»

«አይቻለሁ። ጎንዴን እንዳለፍን።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

መልሴን ሳይጠብቅ መንገዱን ቀጠለ። ትንሽ ከሄድን በኋላ «ቅዳሜ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ» አለ። «ሲጠይቁሽ ይህንኑ ያየሽውን ትናገሪያለሽ። አትፍሪ፣ ከኋላሽ እኔ አለሁ።»

አምኜው አደርኩ፣ በማግስቱም አምኜው ዋልኩ። አርብ ዕለት ወፍጮ ቤት ውዬ ስመለስ ክርስትና እናቴ ከግቢያችን ሲወጡ አገኘኋቸው። ጉንጬን ሳሙኝ፤ ከሌላው ጊዜ አስረዝመው ሳሙኝ። «አይዞሽ ልጄ» አሉኝ። ለምን አይዞሽ እንዳሉኝ አልጠየቅኳቸውም። አባቴ ራት ሲበላ እህሉን እንጂ እኔን አላየኝም።

ሽምግልናው በአውቶቡሱ ባለቤት ግቢ፣ በቆርቆሮው ጣሪያ ሥር ነበር። ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። ነገሩ ፖሊስ ጣቢያ እንዲደርስ የፈለገ ሰው አልነበረም። የዴራው ሰውዬ ክንዳቸውን ወጌሻ አስሮላቸው፣ በነጭ ጨርቅ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለውት መጡ። ባለቤቱ ወጪውን እንደሚችል አስቀድሞ ተናግሯል። የቀረው ጥፋቱ የማን እንደሆነ ማወቅ ነበር።

አባቴ የሆነውን ተናገረ። ዝናቡ ከግራ እንደመጣ፣ የራሱን እንደዘጋ፣ የቀኙ ክፍት እንደመሰለው ተናገረ። «መሰለኝ» ነው ያለው። «ተዘግቶ ነበር» አላለም።

ትልቁ ሽማግሌ ወደ ክርስትና እናቴ ዞሩ። «እመቤቴ፣ በእርስዎ በኩል ያለው መስኮት እንዴት ነበር?»

«ክፍት ነበር» አሉ። «አበልጄ እንደሚወደው፣ አንድ ጣት። ጎኔን እየወጋኝ ዝም ብዬ ቻልኩት።»

«ታዲያ መስታወቱ ለምን አላበው?»

ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እውነቱን ተናገሪ ካላችሁኝ፣ ያን ጠዋት መስታወቱን ሳሙና አልነካውም። ልጄ ስታነብ የምታመሽ ልጅ ናት፣ እንቅልፍ አልጠገበችም። እኔ ስገባ ጨርቁን ጭኗ ላይ አድርጋ ታንጎላጅ ነበር። ልጅ ናት እንግዲህ። ልጅ ላይ አይፈረድም።»

ባለቤቱ ከተቀመጠበት ትንሽ ቀና አለ። ያን ቀና ማለቱን አልረሳውም። በክረምት ያን መንገድ የሚያውቅ ሌላ ሹፌር ከየትም አያገኝም ነበር፤ የሹሙን ሚስት ጥፋተኛ ማለትም አይችልም። ከሁላችን መሐል ምንም የማታጣ ጥፋተኛ ተገኘችለት።

«እውነት ነው?» አለው አባቴን። «መስታወቱን የምትቀባው ልጅህ ናት?»

«ልጄ ናት።»

«ያን ቀን ቀብታው ነበር?»

አባቴ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አዞረው። ያኔ የማስበው የ«ሃህ» ድምፁን ነበር። ፊቱ ከፊቴ አንድ ክንድ ርቆ መስታወቱ ላይ ሲተነፍስ፣ ሲጠብቅ፣ ከዚያም «ይሄዳል» ሲል።

«አላየሁም» አለ። «ሞተሩን እያየሁ ነበር።»

አርብ ዕለት የተነጋገሩት ይህንን እንደነበር ያኔ ገባኝ። ቀጥሎ እኔን ጠየቁኝ። «ቀብቼዋለሁ» አልኩ። «መስኮቱን እትዬ ዘግተውት ነበር።» ወደ ኋላዬ አልዞርኩም፤ ከኋላዬ ማንም እንደሌለ አውቄ ነበር።

«አንቺ ልጅ» አሉ ሽማግሌው፣ ሳይቆጡ። «ክርስትና ያነሱሽን ሴት ነው እንዲህ የምትያቸው?»

ክርስትና እናቴ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እንባ ነበረ። የውሸት እንባ አልመሰለኝም፣ ዛሬም አይመስለኝም። «ይቅር ብያታለሁ» አሉ።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተነጋገሩና ፈረዱ። ሹፌሩ ጥፋት የለበትም፣ ሥራውን ይቀጥላል። ልጅቱ በስንፍናዋ ሰው አስጎድታለችና ድንጋይ ተሸክማ የተጎዱትን ሰው ይቅርታ ትጠይቅ። ክርስትና እናቷንም እግራቸው ሥር ወድቃ ትጠይቅ። በሽምግልና የታየ ነገር በእኛ አገር የሚያልቀው እንዲህ ነው፤ በደለኛው ድንጋይ ማጅራቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ይላል፣ የተበደለው ድንጋዩን ያነሳለታል። ትልልቅ ወንዶች፣ ነፍስ ያጠፉ ጭምር፣ ሲሸከሙ አይቻለሁ። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ስትሸከም ግን አላየሁም ነበር።

«ድንጋይ ይምጣላት» አሉ።

አባቴ ተነሳ። «እኔ አመጣለሁ» አለ።

ደጁ ላይ ለቤት መሥሪያ የተከመረ ጥቁር ድንጋይ ነበር፤ እጁን ቢዘረጋ ያገኘው ነበር። እሱ ግን አልፎት ወደ ጓሮ ሄደ። ቆየ። ሰዎቹ ስለ ሽንብራ ዋጋ ማውራት ጀመሩ። ሲመለስ በሁለት እጁ ድንጋይ አቅፎ ነበር፤ ከዳቦ ከፍ ያለ፣ ግራጫ። ጎንበስ አልኩና አንገቴ ላይ አደረገልኝ። ጣቶቹ ፀጉሬን ነኩት።

ከባድ ነገር ጠብቄ ትከሻዬን አጠንክሬ ነበር። ድንጋዩ ምንም አልከበደኝም። ከዴራ በኩል የሚመጣው፣ ቀዳዳ ቀዳዳው የበዛ፣ ሴቶች ከውሃ በርሜል አጠገብ አስቀምጠው ተረከዛቸውን የሚፈትጉበት ዓይነት ነበር። ሲያዩት ድንጋይ ነው፣ ሲሸከሙት የለም።

ጎንበስ እንዳልኩ ወደ ዴራው ሰውዬ ሄድኩ። «ይቅር በሉኝ» አልኩ። በደህናው እጃቸው ድንጋዩን ከአንገቴ ላይ አነሱት። አንስተው ወዲያው አላስቀመጡትም። አንዴ ወደ ላይ ወደ ታች መዘኑት።

«ይህንንስ አውቀዋለሁ» አሉ። «የአገሬ ድንጋይ ነው። ግን እኛ ዘንድ ለተረከዝ ነበር፣ አሰላ ለአንገት ሆነ?»

ሰዎቹ ሳቁ። ባለቤቱም ሳቀ። ሰውዬው አልሳቁም። ድንጋዩን መሬት ላይ አስቀመጡና አባቴን አዩት።

«ሹፌር» አሉት፣ «ድንጋይ መምረጥ ታውቃለህ።»

አባቴ መሬት መሬት አየ። እሳቸው ወደ እኔ ዞረው በኦሮምኛ ቀስ ብለው ተናገሩኝ። «ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ እኔ ይቅር የምልሽ ነገር የለኝም። ተነሺ።» ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ለሁሉም በአማርኛ «ይቅር ብያለሁ» አሉ።

ክርስትና እናቴ እግር ሥር ስወድቅ ፈጥነው አነሱኝ፣ ደረታቸው ላይ አስጠጉኝ። ቅቤ ቅቤ ይሸቱ ነበር። ሽማግሌዎቹ መረቁ፣ ሁላችንም አሜን አልን።

ድንጋዩን ስለተሸከምኩ አይደለም የቆጨኝ። ይህን አባቴ ቢጠይቀኝ እሸከምለት ነበር። አርብ ማታ እህሉን ከማየት ወደ እኔ ቀና ብሎ «ቁልፉ ሊሄድብን ነው፣ ይህንን ተሸከሚልኝ» ቢለኝ እሺ እለው ነበር፤ ስለ መስኮቱ ዝም ማለቴም የእኔ ጥፋት እንደሆነ አውቅ ነበር። ከዚያም የሚከብድ ድንጋይ እሸከምለት ነበር። አልጠየቀኝም። ከክርስትና እናቴ ጋር የተማከረውን ምስጢር ለእኔ ሳይነግረኝ ቀረ።

ወደ ቤት ስንሄድ ጭቃ ስለነበር አባቴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ሄድን። በሌላ ጊዜ ጭቃ ላይ እጄን ይይዘኝ ነበር። የገበያውን ዳገት ስንጨርስ ቆሞ ጠበቀኝ።

«ከበደሽ?» አለ።

«አልከበደኝም።»

«ቀላሉን ፈልጌ ነው የቆየሁት።»

«አውቃለሁ» አልኩት።

ሌላ ነገር እንድናገር እየጠበቀ ቆመ። ከእኔ ምስጋና ይጠብቅ እንደነበር ያወቅሁት ፊቱን ሳይ ነው። ዝናቡ እንደገና ጀመረ። ነጠላዬን ራሴ ላይ አድርጌ አልፌው ሄድኩ።